ሃፕሎይድ ላቦራቶሪ ልግባ ወይስ ቢሮ?

ከእጽዋት ሳይንስ ተመርቀሽ፣ ሃፕሎይድ ተክል (ከተለመደው ክሮሞሶም፣ ማለትም ከዘር መረጃ ተሸካሚው፣ ግማሹን ብቻ የያዘ ተክል) በሚያመርት ላቦራቶሪ ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል አግኝተሻል። አባትሽ «ብርጭቆ ውስጥ ቡቃያ ስታሳድጊ ከምትኖሪ የቢሮውን ሥራ ያዢ፣ የወንድምሽን ትምህርት ክፈዪ» ይላሉ። አንቺን ያስጨነቀሽ ግን «ዘዴው ሲያረጅ እኔም አብሬው ብወድቅስ?» የሚለው ነው።

ዘዴውማ ሲለዋወጥ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሁለት ህንዳውያን ተመራማሪዎች ከአስተናግር ወገን የሆነ ተክል የወንዴ አበባ ክፍል ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድገው ሃፕሎይድ ቡቃያ አገኙ። ዛሬ ስንዴን በበቆሎ የአበባ ዱቄት አዳቅሎ ሃፕሎይድ ማውጣት የተለመደ ነው፤ ለበቆሎ ደግሞ ሃፕሎይድ ዘር የሚያስገኙ ልዩ መስመሮች (የተመረጡ የዘር ሐረጎች) አሉ። የጂን ማረሙ ሥራም ቢሆን ሃፕሎይድን ይጠቀምበታል እንጂ አያባርረውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ተዳቅሎ የተገኘን ተክል የማይለዋወጥ ዝርያ ለማድረግ 6 ትውልድና ከዚያ በላይ ራሱን በራሱ ማዳቀል ይጠይቃል። የበቆሎ ሃፕሎይድ ግን ከ20 ክሮሞሶም 10ሩን ብቻ ይይዛል፤ ኮልቺሲን በሚባል ኬሚካል የክሮሞሶሙ ቁጥር እጥፍ ሲደረግ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ስለሚሆኑ ዝርያው ባንዴ ይጸናል። ያጠረው ታዲያ ማጽናቱ ነው፤ መምረጡ አይደለም። ከወጡት መስመሮች የትኛው ድርቅ ይቋቋማል፣ የትኛው በዋግ ይመታል የሚለው የሚለየው በየቦታውና በየወቅቱ ማሳ ላይ ተዘርቶ ነው። ኮልቺሲን ዝናብ አያፋጥንም! ሥራ ስቀጥርም ቡቃያ ከሚያባዛ ይልቅ የትኛውን መጣል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነበር የሚቸግረኝ።

ስለዚህ አማካሪ መምህርሽን አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ያወጣኋቸውን መስመሮች እኔው ማሳ ላይ እፈትናቸዋለሁ?» መልሱ «እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው» ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ። አዎ ካሉሽ ግቢ፤ የማሳ ሙከራ ስታቲስቲክስንም አትዝለይ።

ኮልቺሲን መርዝ ነው፤ ጓንትና የሥራ ደንብ በሌለበት ላቦራቶሪ እጅሽን አታስገቢ።

አባትሽን ሳከብር፣ ወንድምሽን ማስተማር የእሳቸው ኃላፊነት ነው፤ ብትረጂ መልካም፣ ዕዳ ግን አይደለም። ሆኖም የኑሮ ድጎማው በጽሑፍ እስኪሰጥሽ ለላቦራቶሪው እሺ አትበዪ። ቃል ኪራይ አይከፍልም። እስከዚያው የቢሮውን ሥራ እንቢ ሳትዪ ጥቂት ቀን እንዲጠብቁሽ ለምኚ።