ሰዓቴን ያየሁበት ሌሊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚሁ እንግሊዝ ያደገች ወጣት ተዋናይት ጠየቀችኝ። «ፊልሜ ገና መታየቱ ነው፤ አሁን በባሕር ጠረፍ የመዝናኛ ከተማ ሦስት ምሽት መድረክ ላይ ሥሪ አሉኝ። መውረድ አይሆንብኝም?» መልሱ ቀላል ነበር፤ ግን ብላክፑል የምትባለው የእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ መዝናኛ ከተማ ትዝ አለችኝና አፌ ተያዘ።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ የመድረክ መብራት ሠራተኛ ነበርኩ። ነፋሱ ጃንጥላ ይገለብጣል። ቤት አከራዬ የበርበሬ ጣሳዬን በከፈትኩ ቁጥር ታስነጥስ ነበር፤ በኋላ ግን በዓሣዋ ላይ መነስነስ ጀመረች።

ሥራውን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ሌሊት ኬብል ስንጠቀልል፣ «ሲናትራ ኦፔራ ሃውስ የዘፈነ እሑድ እኔ እዚያ ነበርኩ» ብለው ጀመሩ፤ አሜሪካዊውን ዘፋኝና ተዋናይ ፍራንክ ሲናትራንና የብላክፑልን ትልቅ አዳራሽ ማለታቸው ነው። ሰዓቴን አየሁ። የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው። «ነገ ይነግሩኛል» አልኳቸው። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። በሳምንቱ ለንደን ለፊልም ሥራ ተጠራሁ፤ በረርኩ። በዓመቱ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ቀኑን ኋላ አገኘሁት፤ ሐምሌ 26 ቀን 1953 በፈረንጆች። አዳራሹ በ1939 የተከፈተ፣ ሦስት ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ ነው። ሲናትራ ያኔ የቀድሞው ሸክላ አሳታሚው ካሰናበተው ዓመት አልሞላውም፤ ኦስካር ያሸለመው ፊልም ደግሞ ገና ለሕዝብ አልታየም፤ በቀጣዩ ወር ነው የወጣው። የዚያ ምሽት ቅጂ አለ፤ ሰምቼዋለሁ። ድምፁ አለ። ፊቱን ያዩት ግን ሽማግሌው ነበሩ።

ጆርጅ ፎርምቢም አለ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ሲኒማ ቁንጮ የነበረ ኮሜዲያንና ዘፋኝ። የመጨረሻ ፊልሙ በ1946 ከወጣ በኋላ ኑሮው መድረክ ሆነ። በ1960 በጋ የታወቀበትን ኡኩሌሌ፣ ያችን ጊታር መሰል ትንሽ መሣሪያ፣ ይዞ ብላክፑል ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በመጋቢት 1961 አረፈ። ወረደ የሚል ካለ ይበል።

እናንተ ዛሬ ተዋናዩን ትታችሁ በስልካችሁ መስኮት ታዩታላችሁ፤ ያናድደኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ሌሊት ስልክ ቢኖረኝ ሽማግሌውን እቀዳቸው ነበር። ለንደን መሄዴንም አልጸጸትበትም፤ ዛሬም ቢጠሩኝ እሄዳለሁ። አውቶቡሱ ነው የሚቆጨኝ። በእግር ሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር።

ለልጅቷ «ሂጂ» አልኳት። ክፍያውን አስቀድመሽ በጽሑፍ አስደርጊ ማለቱን ግን ረሳሁ።