ማሽኑ ሲጮህ ሌባ ነሽ ማለቱ አይደለም

እህቴ፣ «ሴልፍ ቼክአውት ላይ ማሽኑ ሁሌ ይጮህብኛል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ እናንተም ይደርስባችኋል ወይስ እኔ ላይ ብቻ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ኧረ አንቺ ላይ ብቻ አይደለም! ያለ ካሸር ዕቃችንን ራሳችን ስካን አድርገን የምንከፍልበትን ይህን የሱፐርማርኬት ማሽን እኔ ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ ዛሬም ሠራተኛ ሳልጠራ የምጨርስበት ቀን ጥቂት ነው።

ለምን እንደሚጮህ ካወቅሽ ግማሹ ጭንቀት ይለቅሻል። ስካን ያደረግሽውን የምታስቀምጪበት ቦታ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሚዛን አለ። ማሽኑ ባርኮዱን ሲያነብ ዕቃው ስንት መመዘን እንዳለበት ከመዝገቡ ያያል፣ ከዚያ ሚዛኑ ላይ ካረፈው ጋር ያመሳክራል። ካልገጠመለት ቀጥ ይላል። የራስሽን ዘንቢል ቀድመሽ አስቀመጥሽም፣ ልጅሽ ጠርዙን ተደገፈም፣ አምራቹ ማሸጊያውን ቀይሮ መዝገቡ ሳይስተካከል ቀረም፣ ለሱ ሁሉም አንድ ነው። ስለ አንቺ ሐቀኝነት የሚያውቀው ነገር የለም። በጣም ቀላል ዕቃም ያስቸግራል። አንዴ ስስ የመልካም ምኞት ካርድ ገዝቼ፣ አስቀምጫለሁ፣ «ዕቃውን ያስቀምጡ» ይለኛል፣ አንስቼ እመልሳለሁ፣ ደግሞ ይለኛል። በጣቴ ጫን ሳደርጋት አለፈ።

ስለዚህ ቀይ መብራት ሲበራ ዕቃውን እያነሳሽ እያስቀመጥሽ አትጨነቂ፣ ይብስበታል። እጅሽን አንሺና ሠራተኞቹን ጥሪያቸው። ሥራቸው ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርጉት እነሱ ያውቃሉ።

ፍራፍሬና አትክልት ላይ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ሥዕሉን ስትፈልጊ ጊዜሽን አትጨርሺ። ፍሬው ላይ ባለችው ተለጣፊ ያለውን ቁጥር ጻፊው። የተለመደው ሙዝ 4011 ነው፤ ፊቱ 9 ተጨምሮበት አምስት አሃዝ ከሆነ ኦርጋኒክ ነው።

እኔ በበኩሌ የያዝኩት ጥቂት ከሆነ ማሽን፣ ጋሪው ከሞላ ግን ካሸር ጋር ነው የምሄደው፣ ወረፋው ቢረዝምም። የሚያናድደኝ ማሽኑ መኖሩ አይደለም። መደብሮቹ ካሸሮቹን አንስተው ምርጫ ማሳጣታቸው ነው። ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች ስክሪን ፊት ግራ ተጋብተው ሲቆሙ ማየት ያማል፣ እውነቴን ነው። ደግሞ ካሸሮቹን ማቆየት ይቻላል እኮ! ቡዝስ የሚባለው የእንግሊዝ ሱፐርማርኬት እ.ኤ.አ. በ2023 ከሁለት መደብሮቹ በስተቀር ማሽኖቹን እንደሚያነሳ አስታወቀ፣ ደንበኞቹ ሰው እንደሚፈልጉ ነግረውት። የኔዘርላንዱ ጃምቦ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ቸኩለው ያልመጡ ሰዎች ከካሸር ጋር እየተጫወቱ የሚከፍሉበት ቀስ ያለ መስመር ከፍቷል። ስለዚህ ቅር ካለሽ ለሥራ አስኪያጁ ንገሪው፣ ዝም ካልን ሁላችንም የተመቸን ይመስላቸዋል።

አንድ የቀረኝ፦ ከመክፈልሽ በፊት ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች እይው። አንድ ዕቃ ሁለቴ ይነበባል፣ ቅናሹም ሳይገባ ይቀራል። ያኔውኑ ከነገርሻቸው ወዲያው ይስተካከላል፤ ከከፈልሽ በኋላ ግን ደረሰኝ ይዘሽ ሌላ ወረፋ መሰለፍ ነው።