ንግሥቷ ከወጣች 5 ቀኗ ከሆነ እጅሽን ሰብስቢ

ሰላም እህቴ። «ከትልቁ ቀፎ ከፍዬ ባቋቋምኳት ትንሽ ቀፎ ውስጥ ንግሥቷ ከቤቷ (ካደገችበት የሰም ክፍል) ከወጣች 5 ቀን ሆናት። እንቁላል መጣል መጀመሯን ከፍቼ ልይ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከሥር «አዎ፣ በየ2 ቀኑ እያየሽ ተከታተያት» ያሉሽን ሳነብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አትክፈቺ። እኔ እንጅባራ ነኝ፤ ያንቺም አገር ደጋ ይመስለኛል፤ ስለዚህ የኔ ታሪክ ይጠቅምሻል።

1. ቀን ቁጠሪ። ንግሥት ከእንቁላል እስክትወጣ 16 ቀን እንደሚፈጅባት ታውቂያለሽ። ሰው የሚስተው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አዲስ የወጣች ንግሥት ለአቅመ ሔዋን ለመድረስ ብቻ 5፣ 6 ቀን ትፈልጋለች። ከዚያ ፀሐይ ያለበት፣ ነፋስ የማይበረታበት ከሰዓት በኋላ ጠብቃ ትበራለች። አየር ላይ ከ10 በላይ ድንጉላ (ወንድ ንብ) ታገኛለች፤ አንዳንዴ በማግስቱም ትደግማለች። ተመልሳ እንቁላል እስክትጥል ደግሞ ሌላ 2፣ 3 ቀን። በ5ኛው ቀን ከፍተሽ ምን ልታዪ ነው?

2. ከሰዓት በኋላ ፈጽሞ እንዳትነኪያት። እዚህ ጋ ስደርስ ደሜ ይፈላል። አምና መስከረም፣ አደይ ሲፈነዳ፣ አንዱን ጠንካራ ሕብረ ንብ ለ3 ትንንሽ ቀፎ ከፈልኩት። ለእያንዳንዱ የበሰለ የንግሥት ቤት ሰጠሁ። ሦስቱም በሰላም ወጡ። የቤታቸው ጫፍ እንደ ጣሳ ክዳን ክብ ሆኖ ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። ጎኑ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ውስጥ እንዳለች ተገድላለች ማለት ነበር። እሱን አይቼ ብተው ምን ነበረበት?

በ7ኛው ቀን፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ማጨሻዬን ይዤ ሄድኩ። ከስንት ዝናብ በኋላ ፀሐይ የወጣችበት ቀን ነበር። ፀሐይዋን የምትጠብቀው ንግሥቷም እንደሆነች መች አሰብኩ! ሁለተኛውን ፍሬም፣ ንቦቹ የሰም ሰፈፍ የሚሠሩበትን እንጨት፣ ሳነሳ አየኋት። ቀጠን ያለች ናት፤ እንቁላል እንደምትጥለው እርጋታ የላትም፤ ትሮጣለች። እኔም ፍሬም እያገላበጥኩ አሳደድኳት። ወዲያው ንቦቹ ተጠመጠሙባት፤ ሎሚ የሚያህል ድቡልቡል ሆኑ። ሞኙ እኔ «ወደዷት» ብዬ ፎቶ አነሳሁ። ፎቶው እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። በማግስቱ ጠዋት ከቀፎው በር ሥር፣ ሣሩ ላይ፣ ክንፏ ተቦጫጭቆ ሞታ አገኘኋት። ንብ ሲረበሽ የገዛ ንግሥቱን እንዲህ አፍኖ ይገድላል።

በክብሪት ቀፎ አድርጌ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይዣት ሄድኩ። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በሦስተኛው ምልልስ ሲገኝ የክብሪት ቀፎውን እንኳ አልከፈተም። «ድጋፍ የምንሰጠው ለተደራጁ ነው፤ ተደራጅተህ ና» አለኝ። ከማን ጋር ልደራጅ? ከንቦቹ ጋር?

በሁለተኛዋ ቀፎ ደግሞ ፈርቼ በየቀኑ መክፈት ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን ብከፍት ባዶ ሰፈፍ። ጠቅልለው ሄደዋል። የኛ አገር ንብ ነካ ነካ ካደረግሽው ቤቱን ጥሎልሽ ይሄዳል፤ ከውጭ አገር ቪዲዮ እያያችሁ የምትመክሩ ይህን ብታስቡበት።

ሦስተኛዋን ያተረፈልኝ ለቅሶ ነው። ባሕር ዳር አክስቴ አርፋ ሄጄ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ንቦቹ በእግራቸው ቢጫ የአበባ ብናኝ ጭነው በሩ ላይ ይጋፋሉ። ከፈትኩ፤ መሀሉ ሰፈፍ በሙሉ እንቁላል። ዛሬ ያለኝ 11 ቀፎ በሙሉ የተባዛው ከዚያች ነው። አሁን ሰዎች ንግሥት ለማየት እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ ሳትደራጁ ኑ እላቸዋለሁ።

3. በ14ኛው ቀን ስትከፍቺ የምትፈልጊው እንቁላል እንጂ ንግሥቷን አይደለም። በየሰፈፉ ቀዳዳ ሥር አንድ አንድ፣ እንደ ተቆረጠ ነጭ ክር ቆሞ ካየሽ ወዲያው ዝጊ። ጀማሪ ንግሥት አልፎ አልፎ ሁለት ትጥላለች፤ አትደንግጪ። ግን በአንድ ቀዳዳ ሦስት አራት፣ ያውም ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ከሆነ፣ ንግሥት የለም፤ ሠራተኞቹ ናቸው የጣሉት። አባቴ እስከ ዛሬ ንግሥቷን «አውራው» ነው የሚላት። «አውራው እንቁላል ጣለ» ሲለኝ ሳቄን እውጣለሁ።

4. በ14ኛው ቀን ምንም ካላየሽ እስከ 21ኛው ታገሺ፤ ዝናብ በረራዋን ያዘገየዋል። አላስችል ካለሽ ከሌላ ቀፎ እንቁላልና ትንንሽ እጭ ያለበት አንድ ፍሬም ንቡን አራግፈሽ ስጫት። ከ3፣ 4 ቀን በኋላ የንግሥት ቤት መሥራት ከጀመሩ ንግሥት የላቸውም። ካልሠሩ አለች፤ ተያት። ከወጣች ወር ሆኗት ምንም ካልጣለች፣ ወይም የምትጥለው ሁሉ ድንጉላ ብቻ ከሆነ፣ ተስፋ ቁረጪና ቀይሪያት።

እና ያንቺ ዛሬ 5ኛ ቀኗ ከሆነ ገና 9 ቀን ይቀርሻል። የወጣችበትን ቀን ክዳኑ ላይ በእርሳስ ጻፊ፤ እኔ ልቤ ላይ ጽፌ ነው የተሳሳትኩት። እስከዚያ በሩን ብቻ ከሩቅ እዪ፤ የቀፎው እግር ላይ ጉንዳን እንዳይወጣ አመድ ነስንሺ። ቀኑ ሲደርስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ክፈቺና የእንቁላሉን ፎቶ ላኪልን። ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርገሽ አንሺው፤ አለዚያ የሚታየው ሰም ብቻ ነው።