ትርፍ አለ፣ ገንዘብ ግን የለም

ጥያቄ፦ ካርቶን የሚያመርት፣ 80 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት አለን። ሽያጫችን በአንድ ዓመት 40 በመቶ አድጓል፤ ሂሳብ ሠራተኛችንም አትርፈናል ይላል። ደመወዝ የምንከፍለው ግን በኦቨርድራፍት፣ ማለትም ባንኩ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ በሂሳባችን ካለው በላይ እንድናወጣ በሚፈቅደው ብድር ነው። ገንዘቡ የት ገባ?

መልስ፦ ደንበኞችዎ እጅና መጋዘንዎ ውስጥ ነው። በቁጥር እንየው። በዓመት 36.5 ሚሊዮን የሚሸጥ ድርጅት የቀን ሽያጩ 100 ሺህ ነው። ደንበኞቹ በአማካይ በ75 ቀን የሚከፍሉ ከሆነ 7.5 ሚሊዮን ተሰብሳቢ (ሸጦ ገና ያልተከፈለው ገንዘብ) አለው ማለት ነው። የዕቃው ወጪ የሽያጩን 70 በመቶ ቢይዝ፣ የ60 ቀን ክምችት 4.2 ሚሊዮን ይውጣል። አቅራቢዎቹ የ30 ቀን ዱቤ ከሰጡት 2.1 ሚሊዮን ይቀነስለታል። ስለዚህ 9.6 ሚሊዮን ዘወትር ታስሮ ይኖራል።

ሽያጩ በ40 በመቶ ሲያድግ የታሰረውም አብሮ ያድጋልና 3.84 ሚሊዮን ተጨማሪ ያስፈልጋል። ከታክስ በኋላ የሚተርፈው 6 በመቶ ቢሆን፣ ከአዲሱ የ51.1 ሚሊዮን ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ 3.07 ሚሊዮን ገደማ ነው። ባለቤቶቹ አንድ ሳንቲም ሳይካፈሉ እንኳ 770 ሺህ ያህል ይጎድላል። ድርጅቱ አልከሰረም፤ ዕድገቱ ከትርፉ ፈጥኗል።

መፍትሔው ከተሰብሳቢ ሂሳብ ይጀምራል። 75ቱን ቀን ወደ 60 ማውረድ በአዲሱ የሽያጭ መጠን 2.1 ሚሊዮን ይመልሳል። ክፍያ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በደንበኛው ክፋት አይደለም፤ ደረሰኙ ከዕቃው ሳምንት ዘግይቶ ይደርሳል፣ የግዢ ትዕዛዝ ቁጥሩ ይረሳል፣ የርክክብ ሰነዱ ሳይፈረም ይቀራል። ደረሰኙ ዕቃው በወጣበት ቀን ይውጣ። የመክፈያው ቀን ከመድረሱ 5 ቀን በፊት ተደውሎ «ሰነዱ ተሟልቷል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። ቀኑ ካለፈ በኋላ መደወል ልመና ይሆናል። የሽያጭ ሠራተኛ ኮሚሽንም ገንዘቡ ሲገባ እንጂ ዕቃው ሲወጣ አይከፈል። ይህ አንዱ ለውጥ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይሠራል።

ቶሎ ለሚከፍል ቅናሽ ለመስጠት ግን አይቸኩሉ። በ30 ቀን የሚከፈለውን በ10 ቀን ለከፈለ 2 በመቶ መቀነስ ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ሲሰላ ግን 37 በመቶ ወለድ እንደ መክፈል ነው።

ከዚያ የ13 ሳምንት የጥሬ ገንዘብ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፦ በየሳምንቱ የመነሻ ሒሳብ፣ የሚገባ፣ የሚወጣ፣ ቀሪ። የሚገባውን ሲሞሉ ደረሰኙ ላይ ያለውን ቀን ሳይሆን ደንበኛው የለመደውን ቀን ይጻፉ። ሠንጠረዡ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ደመወዝ፣ ታክስና የብድር ክፍያ በቅድሚያ ይግቡ። ቀሪው ከዜሮ በታች የሚወርድበት ሳምንት ቀድሞ ከታየ ባንኩን በጊዜ ማነጋገር ይቻላል።

ጥያቄ፦ አዲስ ማሽን በኦቨርድራፍት ገዛን። አሁን ባንኩ ጣሪያውን ሊቀንስብን ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ኦቨርድራፍት የተሠራው ወጣ ገባ ለሚል የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው፤ ባንኩም በአጭር ማስጠንቀቂያ ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ወጪውን በ5 ወይም በ7 ዓመት የሚመልስ ማሽን በእሱ ሲገዛ ለጥሬ ዕቃ የታሰበው ጣሪያ ያልቃል። ማሽኑን ራሱን በመያዣነት አቅርበው ዕዳው ወደ ረጅም ጊዜ ብድር እንዲዛወር ይጠይቁ። ባንኩ የሚያሰላውን ቀድመው ያስሉት፦ ከወለድና ከእርጅና ቅናሽ (ለንብረት ማርጀት በየዓመቱ ከሚያዘው ወጪ) በፊት ያለውን ትርፍ ወስደው ታክሱን ይቀንሱ፤ ቀሪውን በዓመቱ ዋና ብድርና ወለድ ድምር ያካፍሉ። ውጤቱ 1.25 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አበዳሪ ያዳምጣል። ከ1 በታች ከሆነ የመክፈያው ዘመን ይርዘም ወይም ባለቤቶች ካፒታል ይጨምሩ፤ ሦስተኛ አማራጭ ተብሎ የሚቀርበው ሌላ የአጭር ጊዜ ብድር ጉድጓዱን ያሰፋዋል።

ጥያቄ፦ ከሽያጫችን 55 በመቶውን የሚገዛን አንድ ደንበኛ ነው። ያሰጋል?

መልስ፦ አዎ። መጀመሪያ ከእሱ የሚገኘውን እውነተኛ ትርፍ ለብቻ ያውጡ፤ ቅናሹ፣ ማጓጓዣውና ዘግይቶ የሚከፍልበት ጊዜ ወለድ ሲቀነስ ትልቁ ደንበኛ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ትርፍ የሚገኝበት ይሆናል። እሱን ማባረር ሳይሆን አዲሱን የማምረት አቅም ለሌሎች መስጠት ይሻላል። ውሉ ሲታደስም ቢያንስ የ90 ቀን የማቋረጫ ማስታወቂያና ለእሱ ብቻ ተብሎ የተመረተውን ክምችት የመግዛት ግዴታ ይግባበት።