የአንባቢያን ጥያቄ፦ የመስከረምን አበባ ለጎረቤት እንዴት እናካፍል?

ዝናቡ ጋብ ብሎ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ የሰው ዓይን ጎረቤት ግቢ ላይ ያርፋል። «ከዚህችማ አንድ ሥር ይስጡኝ» ማለት ይመጣል፤ ሰጪም ደስ ብሎት ዶማ ያነሣል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ተክል ያለ የሌለ ኃይሉን አበባው ላይ ባዋለበት ሳምንት ተነቅሎ ሲሰጥ ሰጪም ተቀባይም ይከስራሉ። መስከረም የሚመረጥበትና ምልክት የሚደረግበት ወር ነው። መስጠቱ ለአብዛኛው ተክል ከዚያ በኋላ ነው፤ ለአንዳንዱማ እስከ ሰኔ ይቆያል። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በዚሁ ዙሪያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ እትዬ አራት የዳሊያ ድንች ሰጥተውኝ ነበር። ወፋፍራሞች ናቸው። በግንቦት ተከልኋቸው። ሁለቱ በሰበሱ፤ አንዱ በቀለ። አንዱ ግን እስከ ነሐሴ ሳይበሰብስም ሳይበቅልም ተኝቶ አገኘሁት። እሳቸውን ለመጠየቅ አፈርሁ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የተኛው ድንች ዓይን የለውም። እኛ የምንቀቅለው ድንች ዓይኑ በመላ አካሉ ላይ ስለሆነ የዳሊያም እንደዚያው ይመስለናል። የዳሊያ ዓይን ያለው ግን ድንቹ ከአሮጌው ግንድ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ብቻ ነው። የአንገቱ ቁራጭ ያልተከተለው ድንች የቱንም ያህል ቢወፍር ቡቃያ አያወጣም። አንገቱ የተሰበረም እንዲሁ፤ ድንቹ ላይ ያለው ምግብ ለዓይኑ አይደርሰውም። ስለዚህ ወፍራሙን ትተው አንገቱ የጸናውን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ይቀበሉ።

በመስከረምና በጥቅምት አበባው ላይ እያለ ግንዱ ሥር ባለ ቀለም ክር ይሰር። ድንቹ ከአፈር ከወጣ በኋላ ቀዩን ከነጩ የሚለይ ሰው የለም። ቅጠሉ ደርቆ ሲጠወልግ፣ ታኅሣሥ አካባቢ፣ ግንዱን ከመሬት 10 እስከ 15 ሳ.ሜ. አስቀርተው ይቁረጡት። ከግንዱ 30 ሳ.ሜ. ያህል ርቀው ዙሪያውን ይቆፍሩና ከሥር አንሥተው ያውጡት። ግንዱን ይዞ መጎተት አንገቱን ይሰብረዋል። አፈሩን አራግፈው፣ ግንዱ ውስጡ ክፍት ነውና ያቆረው ውኃ እንዲወርድ ቁልቁል ዘቅዝቀው፣ ጥላ ሥር ሁለት ሦስት ቀን ያድርቁት። ከዚያ በደረቅ ሰጋቱራ ወይም በደረቅ አሸዋ ቀብረው ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። በወር አንድ ጊዜ ይዩት፤ የተጨማደደ ካለ ሰጋቱራውን ትንሽ ውኃ ያርከፍክፉበት፤ የለሰለሰውን ቆርጠው ይጣሉት።

የሚከፈለው ወዲያው አይደለም። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ዓይኑ እንደ ምስር ፍሬ አበጥ ሲል ቀላ ወይም አረንጓዴ ሆኖ በግልጽ ይታያል። ያኔ በንጹሕ ቢላዋ እያንዳንዱን ድንች ቢያንስ አንድ ዓይን ካለው የአንገት ቁራጭ ጋር ይለዩ። ቁስሉን አመድ ነስንሰው አንድ ቀን ያሳድሩት። የሚሰጠውም በዚህ ጊዜ ነው።

የበሰበሱት ሁለቱ ደግሞ ምናልባት ውኃ በዝቶባቸው ነው። ቡቃያ ያላወጣ ድንች ሥር ስለሌለው ውኃ መጠጣት አይችልም። ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ. ጥልቀት፣ ዓይኑ ወደ ላይ፣ አጋድመው ይትከሉት፤ መሬቱ ፍጹም ደረቅ ካልሆነ በቀር ቡቃያው ብቅ እስኪል አያጠጡት። ዋልካ መሬት ላይ ከሆኑ መደቡን ከ20 እስከ 25 ሳ.ሜ. ከፍ ያድርጉ። በተክልና በተክል መካከል 50 ሳ.ሜ. ይተው። መደገፊያ እንጨቱን ከተከላው ጋር አብረው ያቁሙ፤ በነሐሴ ቢተክሉት ድንቹን ይወጋዋል።

ጥያቄ፦ ጽጌረዳ በቅርንጫፍ ለማባዛት ሞክሬ ቅጠል ያወጣና በሦስተኛው ሳምንት ይደርቃል። ድንች ላይ ሰክቶ መትከል ይሻላል ይላሉ፤ ማር መቀባትም ሰምቻለሁ። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ድንቹ ይበሰብሳል፤ ብስባሴውም ወደ ቅርንጫፉ ይተላለፋል። ማርም ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ የጎጃም ማር ለሌላ ጉዳይ ይዋል።

ቅጠል ማውጣት ሥር ማውጣት አይደለም። ቅርንጫፉ በውስጡ ባጠራቀመው ምግብ ብቻ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፤ ስንቁ ሲያልቅ ይደርቃል። የእርስዎ የሦስተኛ ሳምንት ታሪክ ይኸው ነው። መፍትሔው የቅርንጫፉ ምርጫና እርጥበቱን መያዝ ነው።

አበባው ገና የረገፈለትን የዘንድሮ ቅርንጫፍ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ይምረጡ። እሾኹን በአውራ ጣት ወደ ጎን ይግፉት፦ ቅርፊቱን ሳይልጥ ቀጭ ብሎ ከወደቀ ደርሷል፤ ከታጠፈ ገና ለጋ ነው። ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ ሦስት ወይም አራት አንጓ ይኑረው። ታችኛውን ጫፍ ከአንጓ ሥር በሰያፍ፣ ላይኛውን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ እንዲህ ካደረጉ ተገልብጦ አይተከልም። ላይኛውን አንድ ቅጠል ትተው ሌላውን ያንሡ።

ሃይላንድ ለሁለት ይቁረጡና የታችኛውን ክፍል በጋለ ምስማር አምስት ስድስት ቦታ ይብሱ። ሁለት እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ይሙሉበት። ያልበሰለ ፍግ አይግባበት፤ ያቃጥለዋል። ቅርንጫፉን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቀብረው ዙሪያውን ጠቅጠቅ ያድርጉ፤ አንዴ በደንብ አጠጥተው የላይኛውን ክፍል እንደ ክዳን ይድፉበት። ሥር ብርሃን ስለማይወድ ታችኛውን በጥቁር ፌስታል ይጠቅልሉት። ቦታው ብርሃን ያለው ጥላ ይሁን። ቀጥተኛ ፀሐይ የገባበት ሃይላንድ ቅርንጫፉን ይቀቅለዋል።

ሥር ለማውጣት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ነቅሎ ማየት ክልክል ነው፤ ፌስታሉን ገለጥ ቢያደርጉ ነጭ ሥር ከላስቲኩ ጎን ይታያል። ሥሩ ሲታይ መጀመሪያ ክዳኑን ያውልቁ፤ ከሳምንት በኋላ ከነሃይላንዱ ወደ ጠዋት ፀሐይ ያውጡት። በበጋ መሬት አያውርዱት። በጣሳ አሳድገው በሰኔ ለሚፈልግ ሰው ይስጡ።

ለጀራኒየም ይህን አይድገሙ። እሱ 10 ሳ.ሜ. ተቆርጦ፣ ቁስሉ ለግማሽ ቀን ደርቆ፣ ሳይሸፈን ነው የሚተከለው። ከተሸፈነ ከታች ጠቁሮ ይሞታል።

ጥያቄ፦ በስጦታ ያገኘሁት ቀይ ጽጌረዳ ሁለት ዓመት አበበልኝና አሁን አምስት ቅጠል ያለው ትንሽ ነጭ አበባ ነው የሚያወጣው። ቀጋ ይመስላል። ተክል ዘሩን ይለውጣል እንዴ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይለውጥም። የተሰጠዎት ጽጌረዳ በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀለ ነበር። ሥሩ የራሱን ቡቃያ ከመጋጠሚያው በታች አውጥቶ ቀዩን አፍኖታል። ግንዱ ሥር ያበጠውን መጋጠሚያ ይፈልጉ፤ አፈሩን በእጅ ገለጥ አድርገው ቡቃያው ከዚያ በታች ከሥሩ ላይ የተነሣ መሆኑን ይዩና ከመነሻው ገንጥለው ያውጡት። በመቀስ ከቆረጡት ሁለትና ሦስት ሆኖ ይመለሳል። ከመጋጠሚያው በላይ ሕይወት ያለው ቀይ ቅርንጫፍ ከቀረ ይድናል። ካልቀረ ግን ቀዩ ሞቷል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ካለችው እኅቴ ቡገንቪሊያ አምጥቼ ተክዬ ነበር። በክረምት በቅሎ በታኅሣሥ ቅጠሉ ጠቆረ። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ውርጭ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጅባራ ደግሞ ከ2500 ሜትር አይርቅም። ቡገንቪሊያ ሙቀትና ደረቅ ሥር የሚወድ ተክል ነው። በግድግዳ ጥግ፣ በጣሳ ተክለው ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ሌሊት ከበረንዳ ሥር ቢያስገቡት ሊቆይ ይችላል፤ የባሕር ዳሩን ያህል ግን አይጠብቁ። የጠቆረውን ወዲያው አይቁረጡት፤ ውርጩ ካለፈ በኋላ ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርገው አረንጓዴ እስከሚያገኙበት ድረስ ያሳጥሩት። ለእኅትዎ በምትኩ ካላ ሊሊ ይላኩላቸው፤ ጥላና እርጥብ አፈር ካገኘ እዚያም አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ከእንጅባራ የተሰጠኝ ሃይድራንጃ ሰማያዊ ነበር። እኔ ጋ ሮዝ ሆነ። አመድ እያደረግሁ በደንብ ነው የምንከባከበው። (ከብቸና)

መልስ፦ አመዱ ነው፤ አፈርዎም ያግዘዋል። ሃይድራንጃ ሰማያዊ የሚሆነው አሉሚኒየም ከአፈር ሲያገኝ ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ በሥር ለመወሰድ የሚመቸው ኮምጣጣ አፈር ላይ ነው። እንጅባራ ያለችበት የአዊ ቀይ አፈር ኮምጣጣ በመሆኑ ገበሬው ኖራ ይጨምርበታል፤ ለሃይድራንጃ ግን ተመቻት። የብቸና ጥቁር አፈር እንደዚያ አይደለም። አመድ ሲጨመርበት ደግሞ የአፈሩ ኮምጣጣነት ጭራሽ ይቀንሳል።

ሰማያዊውን ከፈለጉ ትልቅ ዕቃ ውስጥ፣ ከቀይ አፈርና ከበሰለ ቅጠል ብስባሽ እኩል በእኩል ቀላቅለው ይትከሉት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሸብ በ4 ሊትር ውኃ አሟሙተው፣ አፈሩ አስቀድሞ ርሶ እያለ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ያጠጡት። መጠኑን ካበዙት ሥሩ ይቃጠላል። ቀለሙ የሚለወጠው በሚቀጥለው አበባ ላይ ነው። ነጭ ሃይድራንጃ በዚህ ሁሉ አይለወጥም።

ጥያቄ፦ አደይ አበባን ግቢ ውስጥ ማብቀል ይቻላል? ከሜዳ ነቅዬ ተክዬ በማግስቱ ጠወለገ። (ከሞጣ)

መልስ፦ ይቻላል፣ በዘር። አበባ ላይ የደረሰ አደይ ተነቅሎ አይጸናም። ለእንቁጣጣሽ ልጆች ከእንግጫ ጋር አስረው ሲያዞሩ ዘር ለመስጠት ገና ነው፤ ጥቂቱን ሳይቀጠፍ ይተዉ። ራሱ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲታሽ ቀጫጭን ጥቋቁር ዘር የሚያራግፍበትን ጊዜ ይጠብቁ፤ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ነው። ሳምንት ጥላ ላይ አድርቀው በወረቀት ፖስታ ያኑሩት፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ሰኔ ላይ በተኮተኮተ መደብ ነስንሰው ግማሽ ሳ.ሜ. አፈር ብቻ ያልብሱት። ፍግ አይስጡት፤ ቅጠሉ ይንዠረገግና አበባው ያንሳል። ስጦታ ካሰቡ ደግሞ ከዚህ የሚቀል የለም፦ አንድ ፖስታ ዘርና የመዝሪያው ወር የተጻፈበት ወረቀት።

ጥያቄ፦ ለወርኃ ጽጌ ከግቢዬ የቆረጥሁትን አበባ ባሕር ዳር ላሉ ዘመዶቼ ማድረስ እፈልጋለሁ። መንገድ ላይ ይጠወልጋል። (ከዳንግላ)

መልስ፦ ከዋዜማው ማታ ወይም ጤዛ እያለ ጠዋት ይቁረጡ። ጽጌረዳ የውጭ ቅጠሉ ፈታ ማለት ሲጀምር፣ ዳሊያ ግን ሙሉ በሙሉ ፈንድቶ ይቆረጥ፤ ዳሊያ በእንቡጡ ከተቆረጠ አይፈነዳም። ከመንገዱ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዓት በጥልቅ ባልዲ ውኃ ውስጥ ጥላ ላይ ያቁሙት፤ የሚዘለለው ደረጃ ይኸ ነው። ከዚያ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው መላውን በኮባ ቅጠል ይሸፍኑ። መኪናው ኮፈን አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አያስቀምጡት። ሲደርስ ጫፉን 2 ሳ.ሜ. ቆርጠው፣ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አንሥተው፣ በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ሁለት ሦስት ጠብታ በረኪና ይጨምሩ። ውኃው በየሁለት ቀኑ ይለወጥ።

ጥያቄ፦ የተሰጠኝን ችግኝ ወዲያው ከሌሎቹ ጋር ልትከለው? (ከቡሬ)

መልስ፦ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። የቅጠሉን ጀርባ ይዩ፤ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ካለ በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርገው ማታ ይርጩ፣ ጠዋት ያጥቡት። ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጭ ከታየ ከነአፈሩ ያስወግዱት፤ በዓይን የማይታይ የአፈር ትል ነው፤ መሬት ከገባ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የሚያምር ተክል አለ። ለግቢዬ የውኃ ገንዳ አንድ ሁለት ሥር ብወስድና ለጓደኞቼም ባካፍል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እምቦጭ ነው፤ አይውሰዱ፣ አይስጡም። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ዓሣ አጥማጁንም ከብት አርቢውንም ሲያስቸግር ቆይቷል። ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ከውኃው ሥር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከገንዳ ሞልቶ የፈሰሰ ውኃ አንዲት ቁራጭ ይዞ ወንዝ ቢገባ በቂ ነው። አስቀድመው ወስደውት ከሆነ ወደ ቦይም ወደ ሐይቁም አይመልሱት፤ ከውኃ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ፀሐይ አድርቀው ያቃጥሉት፤ ገንዳውንም አፍስሰው ጭቃውን ጠርገው ያድርቁት።