ሽማግሌ ሲመላለስ የአቤቱታ ጊዜ እንዳያልፍ

ጥያቄ፦ በመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት በማታ ተረኛነቴ አልጋ ስላልነበረ አንድ ታካሚ ወንበር ላይ እንዲቆይ አደረግሁ፤ ወንድሙ በጥፊ መታኝ። ከዚያ ወዲህ ግራ ጆሮዬ ይጮሃል። አሁን ሽማግሌ ልኮብኛል፤ ኃላፊዬም «የጨነቀው ሰው ነው፣ ይለፈው» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሲስተር፣ ከሽማግሌዎቹ በፊት ጆሮዎን ያስመርምሩ። የጉዳዩ ክብደት የሚለካው እዚያ ነው። ጥፊው ያስከተለው እብጠትና የሚያልፍ ሕመም ብቻ ከሆነ የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 560 «የእጅ እልፊት» ይለዋል፤ መቀጮው እስከ 300 ብር ነው፤ ከበድ ሲል ብቻ እስከ 3 ወር ቀላል እስራት አለው። 300 ብር! የጆሮዎ ታምቡር ተበስቶ ከተገኘ ግን ነገሩ የአካል ጉዳት ይሆናል፤ በአንቀጽ 556 እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ሊያስቀጣ ይችላል፤ ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ስለዚህ ከፖሊስ ደብዳቤ ይዘው ይመርመሩ፤ ቢቻል በሌላ ሆስፒታል። ባልደረባዎ የጻፈው ማስረጃ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ የተከሳሹ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ግን እሱ ይሆናል።

የእጅ እልፊትም ሆነ ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስከስሰው ተበዳይ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው፤ ጊዜውም ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቁበት ቀን አንሥቶ 3 ወር ነው። ሦስት ሳምንቱ አልፏል። ሽምግልናን አልጠላም፤ ሽማግሌ «እስከ በዓሉ ታገሡን» እያለ ጊዜው ያለፈበት ባለጉዳይ ግን ቢሮዬ መጥቶ ያውቃል። አቤቱታዎን አስቀድመው ያስመዝግቡ፤ መታረቅ ከፈለጉ ከዚያ በኋላም ይችላሉ።

ኃላፊዎ በእርስዎ ፋንታ ይቅር ማለት አይችሉም። የሰውየው ጭንቀት ቅጣት ሲወሰን ሊታይለት ይችላል፤ ከክስ ግን አያድነውም። ደግሞም እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት። በሥራ ላይ ያለን የመንግሥት ሠራተኛ በኃይል ማጥቃት ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ፣ ዐቃቤ ሕግ በዚህ ለመክሰስ የግል አቤቱታ መጠበቅ የለበትም። በግል ሆስፒታል ቢሠሩ ኖሮ ይህ በር አይከፈትልዎትም ነበር። ቃልዎን ሲሰጡ በተረኝነት ላይ እንደነበሩ በግልጽ ያስጽፉ፤ የዚያን ሌሊት የተረኞች ዝርዝር ቅጂ ያያይዙ። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑንም ለሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ አሳውቀው፣ ደብዳቤዎ መድረሱን በቅጂው ላይ ያስፈርሙ።