ፈግል ይሻላል ወይስ ጎልዲንግስ?

ወንድሜ፣ «ለመጀመሪያው ቢተሬ፣ ለእንግሊዙ መረር ያለ ቢራ፣ ፈግል ልግዛ ወይስ ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ?» ላልከው፣ አንዱን ብቻ የምትገዛ ከሆነ ጎልዲንግስን ግዛ። ሁለቱም የሆፕ ዘሮች ናቸው፤ ሆፕ ማለት ለቢራ እንደ ጌሾ ነው፣ መራራነትና ሽታ ይሰጠዋል። እዚሁ ለንደን፣ ጠባብ ኩሽናዬ ውስጥ 20 ሊትር 20 ሊትር እየጠመቅኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ሁለቱንም ደጋግሜ ሞክሬያቸዋለሁ።

ጎልዲንግስን በመዳፍህ አሽተህ ወደ አፍንጫህ ስታስጠጋው አበባ አበባ፣ ትንሽም ማር ማር ይላል። ፈግል ዝናብ የነካው አፈርና እንጨት ነው። ለፖርተርና ለመሳሰሉት ጠቆር ያሉ ቢራዎች ይስማማል፤ ፈካ ያለ ቢተር ላይ ብቻውን ሲገባ ግን ለእኔ ይከብደኛል። ደግሞ ስም እንዳያታልልህ፦ ስታይሪያን ጎልዲንግስ የሚባለው ስሎቬኒያ የበቀለ ፈግል ነው። እኔ ተሸውጄበታለሁ።

ከስሙ በላይ ግን ፓኬቱ ላይ ያለውን የአልፋ አሲድ ቁጥር እይ። መራራነቱ የሚመጣው ከእሱ ነው። ፈግል 4 ወይም 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ ታርጌት የሚባለው ዘር 10 በመቶንም ያልፋል። አንድ ቅዳሜ ፈግል አለቀብኝና 40 ግራሙን በ40 ግራም ታርጌት ተካሁት። ቢራው ሲደርስ ኮሶ ሆኖ አረፈው። ጓደኛዬ አንዴ ጎንጨት አለና «የምታሽረው የማንን ትል ነው?» አለኝ። 18 ግራም ይበቃው ነበር። እናቴ ለጠላዋ ጌሾ በእፍኝ ስትለካ ነው ያደግኩት፤ እዚህ ግን ያለ ሚዛን አይሆንም።

አሁን ለመራራነቱ ቻሌንጀር የሚባለውን የሆፕ ዘር ነው የምጠቀመው። ከ7 እስከ 8 በመቶ አልፋ ያለውን 25 ግራም መጀመሪያ ላይ እጨምርና 60 ደቂቃ ይፈላል። ጎልዲንግሱን 30 ግራም 10 ደቂቃ ሲቀረው፣ 20 ግራም ደግሞ እሳቱን እንዳጠፋሁ። ጎልዲንግስን አንድ ሰዓት ሙሉ ካፈላኸው ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ ገንዘብህን ለጣራው ሰጠኸው ማለት ነው።

ስትገዛ የመከሩን ዓመት እይ። አሮጌ ሆፕ የከረመ አይብ ይሸታል። የተረፈህን አየሩን አስወጥተህ፣ አጥብቀህ አስረህ ፍሪዘር ውስጥ ክተተው። የእኔ ከበርበሬው ፌስታል ጎን ነው ያለው፤ እስካሁን አልተጣሉም።